የቅርጫው በሬና የእርሻው በሬ

የዐቢይ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በእንጅባራና በዳንግላ የከብት ገበያ የሚሰማው የድርድር ድምፅ የበዓሉን መቅረብ ከደወል ባልተናነሰ ያስታውቃል። ጎረቤታሞች ወይም የአንድ ማኅበር አባላት ገንዘባቸውን አዋጥተው አንድ ሰንጋ ይገዛሉ፤ የትንሣኤው ሌሊት ቅዳሴ ካበቃ በኋላም በሬው ታርዶ ቅርጫ ይሆናል። የቅርጫን ሥርዐት የማያውቅ አንባቢ ይኖረናል ብለን አንገምትም፤ አንድ ነገሩን ግን ልብ እንድትሉልን እንወዳለን። ሥጋው በቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ሲደለደል ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሰዋል። አንዱ መደብ ከሌላው አነሰ የሚል ቢኖር ከወፈረው እየተቆነጠረ ይሟላለታል። በመጨረሻም እያንዳንዱ ተካፋይ እንጨትም ይሁን ጠጠር ምልክቱን ያዋጣና ድልድሉን ያላየ ሰው ወይም ሕፃን ልጅ ዕጣውን ይጥላል። ደልዳዩ ለራሱ እንዳያደላ፣ ባለጸጋው ስለ ተከበረ ብቻ ቀድሞ መርጦ እንዳያነሣ፣ ድኻውም አፍሮ የተረፈውን እንዳይወስድ ታስቦ የተበጀ ሥርዐት ነው።

መደቡን ተሸክሞ የሚሄደው ሁሉ ግን ወደ እኩል ቤት አይገባም። በዚህ በበዓል ገጻችን ልናነሣው የወደድነው ጉዳይም ይኸው ነው። በአንድ ቅርጫ ዙሪያ የቆሙ ቤተሰቦች በበዓሉ ማግስት ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ሀብታቸው ምን ያህል ይራራቃል? መራራቁስ ከምን መጣ?

በአዊ ገጠር የአንድ ቤት ኑሮ ሲመዘን አስቀድሞ የሚጠየቀው የብሩ መጠን አይደለም፤ ጥማድ በሬ መኖር አለመኖሩ ነው። ጥማድ ያለው ገበሬ ዝናቡ ሲጥል፣ አፈሩ ሲለሰልስ፣ በፈቀደው ቀን ወጥቶ ያርሳል። አንድ በሬ ብቻ ያለው እንደርሱ ያለ ሌላ ባለ አንድ በሬ ፈልጎ መቀናጆ ይገባል፤ ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው እየተባባሉ ቀኑን ይካፈላሉ። በሬ የሌለው ደግሞ ወይ ጉልበቱን ሰጥቶ በሬ ይዋሳል፣ ወይም ማሳውን ለባለ በሬ የእኩል ይሰጣል። የእኩል የሰጠ ሰው መሬቱ የራሱ ሆኖ ሳለ ምርቱን ለሁለት ይካፈላል ማለት ነው። ጉልበቱን ሰጥቶ የሚዋሰውም ቢሆን በሬው የሚደርሰው ባለቤቱ የራሱን ማሳ አርሶ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ አንድ ሳምንት ዘግይቶ የተዘራ እህልም በመኸር ጊዜ ልዩነቱ በጎተራው ይታያል። ስለዚህ በባለ ጥማዱና በሬ በሌለው መካከል ያለው ርቀት የሁለት ከብቶች ዋጋ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ በየዓመቱ እንደ ወለድ እየተደመረ ይሄዳል።

ይህ ነገር በሴቶች ቤት ይከብዳል። በአገራችን ልማድ ሴት ሞፈር አትጨብጥም። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች እናት በሬ ቢኖራት እንኳ የሚያርስላት ወንድ ልጅ ወይም ወንድም ከሌላት ማሳዋን የእኩል ከመስጠት የተሻለ መንገድ እምብዛም አይኖራትም። ከአንድ ቀበሌ ድኾች ሲቆጠሩ የመበለቶች ቤት መብዛቱ ከስንፍና እንዳልመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ እያወቅን ግን እንደ ዕጣ ፈንታ እንቆጥረዋለን።

ቅዱሳት መጻሕፍት እንደ ዕጣ ፈንታ አልቆጠሩትም። ጻድቁ ኢዮብ በመጽሐፉ በ24ኛው ምዕራፍ የክፉዎችን ሥራ ሲዘረዝር የመበለቲቱን በሬ በመያዣነት መውሰድን ድንበር ከመግፋት ጋር አብሮ ይቈጥረዋል። የኦሪት ሕግም በዘዳግም 24ኛው ምዕራፍ የወፍጮ ድንጋይን በመያዣ መቀበልን ይከለክላል፤ ሰው የሚኖርበትን መሣሪያ መውሰድ ነፍሱን እንደ መውሰድ ነውና። በዚያው መጽሐፍ በ15ኛው ምዕራፍ አገልጋዩን ነጻ የሚያወጣ ጌታ ባዶ እጁን እንዳይሰድደው፣ ከመንጋውም ከአውድማውም ከመጥመቂያውም እንዲሰጠው ታዝዟል። ልብ በሉ፤ የታዘዘው አንድ ቀን የሚያጠግብ ምሳ አይደለም፣ ቤት የሚያቆም መነሻ ሀብት ነው። በዘሌዋውያን 25ኛው ምዕራፍ የተደነገገው የኢዮቤልዩ ዓመትም በ50 ዓመት አንድ ጊዜ እያንዳንዱ ወደ ርስቱ እንዲመለስ ያዝዛል። ሕግ አውጪው ሀብት በራሱ መንገድ ከተተወ ወደ ጥቂቶች እንደሚፈስ አስቀድሞ ያየ ይመስላል።

ወደ በዓላችን ስንመለስ፣ ወንጌላዊው ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ በ4ኛው ምዕራፍ የጻፈውን ማስታወስ ተገቢ ነው። ሐዋርያት የጌታን ትንሣኤ በታላቅ ኃይል ይመሰክሩ እንደነበር ከነገረን በኋላ ዐረፍተ ነገሩን ሳያርቅ ከመካከላቸው ችግረኛ እንዳልነበረ ይናገራል። መሬትና ቤት ያላቸው እየሸጡ ዋጋውን በሐዋርያት እግር አጠገብ ያኖሩ ነበር፤ ለእያንዳንዱም እንደሚያስፈልገው ይከፋፈል ነበር። ነገር ግን ድልድሉ ያለ እንከን አልቀጠለም። በ6ኛው ምዕራፍ የግሪክን ቋንቋ የሚናገሩት ምእመናን መበለቶቻችን በዕለቱ ምግብ ድልድል ተዘነጉብን ብለው በዕብራውያኑ ላይ አንጐራጐሩ። ሐዋርያት ሰባት ዲያቆናት የሾሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ የሰባቱም ስም፣ ከሊቀ ዲያቆናት ከእስጢፋኖስ ጀምሮ፣ የግሪክ ስም ነው። የተበደለው ወገን ልጆች ድልድሉን እንዲይዙት ተደረገ ማለት ነው። ዛሬ ዲያቆን ሲባል በብዙዎቻችን ዐይነ ኅሊና የሚመጣው በቅዳሴ ጊዜ ያለው አገልግሎት ነው፤ ማዕርጉ ግን የተጀመረው በሁለት ወገኖች መካከል በተነሣ የአደላደል ክርክር እንደ ነበር እኛ በዚህ ማዕርግ የምናገለግል ሰዎች መርሳት አይገባንም።

በጎጃም የሀብት ልዩነት ታሪክ ከመሬት ታሪክ ተነጥሎ አይነገርም። የአዊ ሕዝብ የሰባት ቤት አገው ልጅ እንደ መሆኑ የርስቱም ነገር ከትውልድ ሐረግ ጋር የተሳሰረ ነበር። በርስት ሥርዐት ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን የአቅኚው አባት ዘር መሆኑን እየቈጠረ ድርሻ ይጠይቃል። በደቡብ የአገራችን ክፍል እንደ ነበረው የጭሰኛና የባላባት ልዩነት በዚህ አካባቢ ጎልቶ አልታየም፤ ሴት ልጅም ርስት የመጠየቅ መብት ነበራት። ይሁን እንጂ ሐረግ መቍጠርና መሟገት ጊዜ፣ ወገንና ገንዘብ ይፈልጋል። ሙግት የሚችለው እየሰፋ፣ የማይችለው እየጠበበ የሄደበት ዘመን ረጅም ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሡ ካሳሰቧቸው ነገሮች አንዱ መሬታቸው ተለክቶ ርስታቸው ይነካል የሚለው ሥጋት እንደ ነበር ይታወሳል።

ከርስት ፈጽመው የራቁም ነበሩ። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ በእጃቸው ጥበብ አገሩን ሁሉ እያለበሱ፣ ማረሻ እየሳሉ፣ ድስትና ጀበና እየሠሩ መሬት ግን አልነበራቸውም፤ ጭራሽ በስድብ ስም ይጠሩ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል፤ ልማዱ ግን ከዐዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ቈይቷል። ጌታችን የአናጢ ልጅ ሲባል ባላፈረበት፣ ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ በኖረበት ሃይማኖት ውስጥ የእጅ ጥበብ እንዴት የውርደት ምልክት ሊሆን እንደቻለ ሲታሰብ ያስደንቃል። ቤተ ክርስቲያናችንም ቢሆን ከአሮጌው ድልድል ውጪ አልነበረችም። ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ የሚለው አነጋገር ካህኑን በየትኛው ወገን እንዳስቀመጠው ግልጽ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። የቤተ ክርስቲያንም መሬት በዚሁ ተወሰደ። ዐዋጁ ካመጣቸው ለውጦች አንዱ ከዚያ በፊት መሬት ያልነበረው የእጅ ሙያተኛ በቀበሌው ገበሬ ማኅበር ውስጥ እንደማንኛውም ሰው ድርሻ ለመጠየቅ መቻሉ ነው። ከዚያ በኋላ በጎጃም ትልቁ ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚህ ጊዜ «ቢሮክራት» እና «ቀሪ ፊውዳል» ተብለው የተመደቡ ገበሬዎች ይዞታቸው ከአንድ ሄክታር፣ ማለትም ከ4 ጥማድ፣ እንዳይበልጥ ሲደረግ ሌሎች እስከ 3 ሄክታር ሊይዙ ይችሉ ነበር። ከተቀነሰው መሬት ወጣቶችና ብቻቸውን ቤት የሚመሩ ሴቶች ደርሷቸዋል፤ ይህ በጎ ነው። ነገር ግን ድልድሉ ከሰው ስም ጋር ተያይዞ ስለ ተፈጸመ ቅሬታው ቀላል አልነበረም፤ ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው እስከ አዲስ አበባ ተጉዘዋል። በአንድ ደብር የሚሳለሙ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ያነሡ ሰዎች በዚያ ድልድል ሰጪና ተቀባይ ሆነው ቀሩ። ቅርጫ ሲከፈል ዕጣ የሚጣለው ስለ ምን እንደ ሆነ እዚህ ላይ ይበልጥ ይገባናል።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። ደብተሩ በባልና በሚስት ስም የሚመዘገብ፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ያለበት ነውና ጋብቻ ቢፈርስ ወይም ሞት ቢለያቸው ሚስት ድርሻዋን የምታስረዳበት ጽሑፍ በእጅዋ አለ። በአውደ ምሕረት ስለ መበለቶች መብት ከሚሰበከው ብዙ ስብከት ይልቅ ይህ ትንሽ ደብተር የጠቀማቸው እናቶች አሉ ብንል ማንንም አናስቀይምም።

የማይቀረው ጥያቄ ግን የወጣቶቹ ነው። ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ ያን የመሰለ ሰፊ ድልድል አልተደረገም፤ በዚያ ዓመት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ጐልማሳ ነው። ለእርሱ ያለው መሬት አባቱ ከራሱ ቈርሶ የሚሰጠው ነው፤ አባትየው ደግሞ አምስት ልጆች ካሉት የሚቈረሰው ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አይከብድም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ በአዊ 982,942 ሕዝብ በ215,564 ቤተሰብ ተመዝግቦ ነበር፤ ከተሜው 12.5 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው በዝቷል፣ ልጆች አድገዋል፣ መሬቱ ግን ያው ነው።

በዚህ መካከል በአዊ ደጋ ላይ ያልታሰበ ሀብት በቅሏል። ይኸውም ገበሬው ዲከረንስ የሚለው የግራር ወገን ዛፍ ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ተጀምሮ ወደ ባንጃና ወደ ሌሎችም የተስፋፋው ይህ ዛፍ፣ አፈሩ በአሲዳማነት ታሞ እህል እምቢ ባለበት ማሳ ላይ ይተከላል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራበታል፤ ቀጥሎ ሣሩ ለከብት ይታጨዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ተቈርጦ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉም በጆንያ ተሞልቶ በመኪና እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። በዚህ ገቢ ሣር ቤቱን በቆርቆሮ የለወጠ፣ በከተማ ቦታ የገዛ ገበሬ ጥቂት አይደለም።

ነገሩን ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው ግን ዛፉ ሁሉንም እኩል እንዳላበለጸገ ያያል። ዲከረንስ የሚከፍለው መጠበቅ ለሚችል ነው። ሁለት ማሳ ያለው አንዱን ዘርቶ እየበላ ሌላውን ተክሎ አምስት ዓመት ይታገሣል። አንድ ማሳ ብቻ ያለው ከተከለ የሚበላው አይኖረውም፤ ካልተከለም ከታመመ አፈር ጋር ይታገላል። ተክሎም ልጁ ቢታመምበት ወይም የማዳበሪያ ዕዳ ቢጠናበት ያልደረሰውን ዛፍ በቁሙ በርካሽ ይሸጣል፤ ትርፉን የሚያነሣው ገዝቶ የጠበቀው ነው። መሬት የሌለው ወጣት ደግሞ ድርሻው ቈርጦ፣ ከምሮ፣ አክስሎ የቀን ዋጋውን መቀበል ነው፤ ጢሱ ለእርሱ፣ ጆንያው ለሌላው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዛፉን በሽታ ስለ ገባበት በዚህ ሀብት ላይ ብቻ የተደገፈ ቤት ሁሉ ተናውጧል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭትም መንገድና ገበያ ሲያስተጓጉል አስቀድሞ የሚጐዳው ስንቅና ጥሪት የሌለው ቤት ሆኗል።

እንዲህ ያለው መራራቅ የአዊ ብቻ አይደለም። በአገር አቀፍ የተደረገው የቤተሰብ ገቢና ወጪ ጥናት በ2003 ዓ.ም. 29.6 በመቶ የነበረው ከድኽነት መስመር በታች የሚኖር ሕዝብ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ ዝቅ ማለቱን አሳይቷል፤ በገጠር 25.6፣ በከተማ 14.8 በመቶ ነበር። በዚያው ጊዜ ግን የኑሮ መበላለጥን የሚለካው የጂኒ መለኪያ ከ0.298 ወደ 0.328 ከፍ ብሏል። ድኻው ቊጥሩ ሲቀንስ መበላለጡ ጨመረ ማለት ነው። ይህም ቢሆን የሚለካው ቤተሰቡ በዓመት ያወጣውን ነው፤ በሬውንና ማሳውን አይደለም። ለበዓል ተበድሮ ቅርጫ የገባና ከጥሪቱ ከፍሎ የገባ በሥጋው ሚዛን አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው ዕዳው በሚከፈልበት ቀን ነው።

ስለ ዕዳ ካነሣን ዘንድ ከቤታችን የሚጀምር አንድ ነገር እንናገር። በገጠራችን ቤት ከሚያራቍቱት ነገሮች አንዱ በቤተ ክርስቲያን ስም የሚደረግ ነው፤ ተዝካር። የሟች 40 ቀን ሲደርስ አገር ምድሩ ካልተጠራ፣ ጠላው በጋን ካልተጠመቀ፣ ሰንጋ ካልተጣለ ሟቹ የተናቀ ይመስላል። ስለዚህም ባሏ የሞተባት ሴት ሐዘኗ ሳይጠና የቀረላትን የእርሻ በሬ ለተዝካር ታርዳለች፣ ወይም ሸጣ ትደግሳለች። በልቶ የሚሄደው ግን በአብዛኛው ጠግቦ የመጣ ጎረቤት ነው። ይህ የመጻሕፍት ትእዛዝ አይደለም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ ማዕድ ለሚያዘጋጅ ሰው ያስተማረው ብድር የሚመልሱ ባለጸጎች ጎረቤቶችን ሳይሆን መክፈል የማይችሉትን እንዲጠራ ነው። ስለ ሙታን ቅዳሴ ይቀደሳል፣ ጸሎት ይደረጋል፣ ለነዳያን እንደ አቅም ይመጸወታል፤ ለዚህ የእርሻ በሬ አይታረድም። የንስሐ አባት የሆኑ ካህናት ይህን ከተዝካሩ ቀን በፊት፣ በልቅሶው ቤት ተቀምጠው፣ ለመበለቲቱ በግልጽ ቢነግሯት በሬዋን ከገደል የመለሱላት ያህል ነው። ከተዝካሩ የሚደርሰን ድርሻ እንዳያሳፍረን ብለን ዝም ያልንባቸው ጊዜያት እንዳሉ ሕዝቡ ያውቃል።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ስለ ነዌና ስለ አልዓዛር ሲያስተምር የባለጸጋው ኀጢአት የሰው ገንዘብ መቀማቱ አይደለም፣ የራሱን አለማካፈሉ ነው፤ ያውም ራሱ ቅሚያ ነው ይላል። ቅዱስ ባስልዮስም በቂሳርያ ረኃብ በገባ ጊዜ ጎተራ ያሰከፈተው ለአንድ በዓል ማዕድ ብቻ አልነበረም፤ በሽተኞችና ድኾች የሚኖሩበትን ሰፈር ሠርቶላቸዋል። አበው ከምጽዋት አልፈው እስከ መቋቋሚያ ይሄዱ ነበር።

እኛ ዘንድ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አልጠፋም። ወንፈልና ደቦ አለ፤ መቀናጆ አለ። ላም ያለው ሰው ጊደሩን ለሌለው ሰጥቶ የሚወለደውን የሚካፈልበት የርቢ ልማድ አለ፤ በትክክል ከተደረገ በሬ የሌለውን ቤት በጥቂት ዓመት ባለ በሬ ያደርጋል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቶ የቈየ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በጊዮርጊስ ዕለት ብዙ ሺህ ፈረሰኛ በእንጅባራ የሚያሰልፍ ማኅበር ነው፤ ይህን ያህል ሕዝብ ያለ ደመወዝ ማስተባበር የቻለ አገር የጽዋ ማኅበሩንና ሰንበቴውን ለዚህ ማስተባበር አያቅተውም። አንድ የጽዋ ማኅበር 12 አባላት ቢኖሩት፣ እያንዳንዱም በየወሩ ለድግስ ከሚያወጣው ጥቂቱን ቢያስቀር፣ በዓመት አንድ ወይፈን ገዝቶ ከአባላቱ መካከል በሬ ለሌለው በርቢ ወይም ያለ ወለድ በብድር መስጠት ይቻላል። ለማን ይሰጥ የሚለው እንዳያጣላ ዕጣ ይጣል፤ ሥርዐቱን ከቅርጫው ያውቁታል። ደልዳዮቹም፣ እንደ ሐዋርያት ዘመን፣ በሬ ከሌላቸው ወገን ይመረጡ።

ዘንድሮም በበዓለ ሃምሳ ሰሞን ገበሬው ማሳውን ደጋግሞ እያረሰ ለዘር ያዘጋጃል፤ በሬ የሌለውም የማን ጥማድ መቼ እንደሚለቀቅ ከአሁኑ ይጠይቃል። የግንቦት ልደታ ማኅበርተኞች የሚሰበሰቡት ከትንሣኤ ብዙም ሳይርቅ፣ ክረምቱም ሳይገባ ነው፤ ጸበል ጻዲቁ ከተቀመሰ በኋላ ለዚህ ምክክር የሚሆን ሰዓት ይተርፋል።